ጥሩዬ፣ ሰባቱም ዶሮዎችሽ አሉ

ጥሩዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስሽ አይደርሰኝም፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትሽ ላይ ሰው በዝቶ በወጉ ሳላወራሽ ቀረሁ። ዛሬ ግን የምነግርሽ አለኝ፣ ለዚያውም ደስ የሚል። ሰባቱም ዶሮዎችሽ አሉ። ቤት ለቀው፣ አገር ቀይረው፣ አንዳቸውም ሳይጎድሉ አሉ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የአቃቂው ቤታችን ለመንገድ ተፈለገና ተነሺ ተባልን። ምትክ ቦታ የተሰጠኝ ከቂሊንጦ ወዲህ፣ እርሻውና አዲሱ ሰፈር የሚገናኙበት ዳር ላይ ነው። ልጃችን ሰናይት ይህን እንደሰማች እየበረረች መጣች። ያንቺ ልጅ መሆኗ የሚታወቀው ስትቆጣ ነው። "አባዬ፣ ብቻህን ሜዳ ላይ ምን ትሠራለህ? እኔ ጋ ግባ፣ ዶሮዎቹን ለፋሲካ እናርዳቸዋለን" አለችኝ። የሷ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ አንዴ ከወጣሁ የምወርድ አይመስለኝም። አሻፈረኝ አልኩ። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ሆሳዕና አንዲት ዶሮ ከተበላች የቀሩት ይታረዳሉ፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ እሷ ጋ እገባለሁ። ካልተበላች ግን የኮንዶሚኒየሙን ነገር ሁለተኛ አታነሳብኝም።

ለምን እንዳላመነችኝ አንቺም ታውቂዋለሽ። አራቱን ገመድ እያሳየሽ ነው ያሳደግሻት።

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት አራት ዶሮ ከእናትሽ ቤት አምጥተሽ፣ አዲስ ዶሮ ቤቱን እስኪለምድ ሦስት ቀን እግሩ ይታሰራል አልሽኝ። እኔም አሰርኳቸው። ሲመሽ ፍታቸው ማለትሽን ግን ረስቼ፣ እንደታሰሩ ማድ ቤት ዘጋሁባቸው። በሩ ሥር ደግሞ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ሽለምጥማጥ ከዚህ የተሻለ ግብዣ ከየት ያገኛል? ጠዋት ስንከፍተው አራት ችካል፣ አራት ገመድ፣ የቀረው ላባ። አልጮህሽብኝም። ገመዶቹን ሰብስበሽ ከበሩ በላይ ምስማር ላይ ሰቀልሻቸው። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ፋብሪካው ያለ እኔ ብየዳ አንድ ቀን አያድርም እያልኩ ስኩራራ፣ አንቺ ቀና ብለሽ ምስማሩን ታያለሽ። እኔም ፉከራዬን አቋርጣለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያናድደኝ ነበር።

አልጋ ላይ ሆነሽ የመጨረሻ ያዘዝሽኝም ይህንኑ ነው። ስለ ቤቱ አላነሳሽም፣ ስለ እኔም አላነሳሽም፤ "ዶሮዎቼን እንዳታስበላ" አልሽኝ። አላስበላም ብዬ ማልኩልሽ።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ሳላሽግ የዶሮ ቤት ሥራ ጀመርኩ። አቋሙን በአንግል ብረት፣ ወለሉን በላሜራ፣ ጎንና ጎኑን ጣት በማያስገባ ወፍራም ሽቦ በየድኩት። መቀርቀሪያውን ሁለት አደረግሁት፤ የእንጨት ቆጡን እግራቸውን እንዳይወጋ በብርጭቆ ስባሪ ፋቅሁት። ግን መቼም እኔን ታውቂኛለሽ፤ የዶሮ ቤት ሥራ ሲሉኝ የባቡር ፉርጎ ሠርቼ አረፍኩት። ላነሳው ብል ንቅንቅ አልል አለኝ። ይባስ ብሎ በግቢያችን በር አይወጣም። ሁሉን ነገር ስለካ ከርሜ በሩን አልለካሁትም!

ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ መኮንን ነገርኳቸው። ሰው አስከትለው መጡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩትና "እነዚህ ዶሮዎች ምን አጥፍተው ነው?" አሉኝ። ግቢው በሳቅ አለቀ። የቆርቆሮ አጥራችንን ነቀልን፣ ስምንት ሰው ትከሻውን ሰጠ። አንቺን የተሸከሙሽ ሰዎች ናቸው ጥሩዬ። ያን ቀን ከኋላ ሆኜ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር። አሁን ግን ከፊት ከፊታቸው እየሄድኩ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ በሉ እያልኩ እስከ ጭነት መኪናው አደረስኳቸው። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ፤ ማንም አላፈረብኝም።

አዲሱ ሰፈር ስደርስ ጎረቤቴ ኦቦ ቱፋ፣ ትውልዳቸው እዚያው ነው፣ "እዚህ ዶሮ አይበረክትም፣ ሽለምጥማጡ ጨርሶን ነው የተውነው" አሉኝ። እሳቸው እያዩ ዙሪያውን ክንድ የሚያህል ቆፈርኩ፤ ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፌ ቀበርኩት፣ ልቆፍር ብሎ ሲመጣ ጥፍሩ ብረት እንዲያገኝ። ዶሮዎቹን አላሰርኳቸውም። ሦስት ቀን እዚያው ውስጥ ዘግቼ አበላኋቸው፣ ቤታቸውን ለመዱት። ከዚያ በየምሽቱ ዙሪያውን አመድ እየነሰነስኩ ጠዋት አመዱን አነባለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጣ። የእግሩ ምልክት ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞሯል። አንዱ ማዕዘን ላይ ቆፍሮ ሽቦው ጋ ሲደርስ ትቶታል፤ በሩም ላይ ቧጭሯል። ሮጬ በሩን ከፈትኩ። ገብስማዋ፣ ወሰራዋ፣ ቆቅማዋ፣ ሁሉም ተራ በተራ ወጥተው ጥሬያቸውን ጠየቁኝ። ብቻዬን ግቢ መሃል ቆሜ አጨበጨብኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ኦቦ ቱፋ በአጥሩ በኩል አይተው፣ ለእኔም ሥራልኝ፣ ብቻ አነስ ይበል አሉኝ።

ሆሳዕና ዕለት ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣች። እኔን ሳትስም ዶሮዎቹን ቆጠረች። ሰባት። ደግማ ቆጠረች። ያው ሰባት። በሩ ላይ ያለውን ቧጨራ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ግንባሯ ላይ ያሰረችውን ዘንባባ ፈታ መቀርቀሪያው ላይ አሰረችውና፣ "እማዬ ብታይህ" ብላ አቀፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ኮንዶሚኒየም የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ገብስማዋም አሁን እንቁላል ታቅፋለች።

አራቱን ገመድ ከአሮጌው ቤት ከነምስማራቸው ነቅዬ አምጥቻቸዋለሁ። ሰናይት አሁንማ ጣላቸው አለችኝ። እምቢ አልኳት፤ በአዲሱ በር አናት ላይ፣ በዚያው ምስማር ሰቅያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ብዙ ስለምፎክር ልክ የሚያስገባኝ ያስፈልገኛል። ስወጣም ስገባም አንቺን እያሰብኩ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፣ እስክንገናኝ ድረስ።

ያንቺው በያጅ