የጋሼ ሐድጉ ኮት እና ሦስተኛው ወንበር

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሱቅ ከፈትኩ። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ሦስተኛው ወንበር ላይ የጋሼ ሐድጉ ኮት ተሰቅሏል። ጋሼ ራሳቸው የሉም... ማኪያቶ ላይ ናቸው። ለዕድር ሊቀመንበርነት ሊወዳደሩ ነው፤ ንግግራቸውን እዚህ ይጽፋሉ። "እኔ ታማኝ" ላይ ከደረሱ ሰነበቱ።

ሸፊቃ መጣች። ለነጋዴው ሁሉ የጨረታ ሰነድ የምትጽፈው እሷ ናት። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቴ የቆመው በእሷ ነው። መስኮት ሥር ካለው ከሦስተኛው ወንበር ሌላ አይመቻትም።

"የሺ፣ ደንበኛሽ እኔ ነኝ ወይስ ኮቱ?"

"ጋሼን ልለምናቸው።"

"ኮቱን ለምኚው። እምቢ ካለሽ አትክልት ተራ ጋ ሌላ ቤት አይቻለሁ።"

እሷ ከሄደች ምን ይቀረኛል? ኮት።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ጋሼን አስረዳኋቸው። ስክሪኖቹ ባዶ ናቸው፤ ሥራው ያለው ጓዳ ካስቀመጥኩት ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ትተውት ቢሄዱም እንደተከፈተ ይቆያል። የትኛውም ወንበር ላይ ስምና የይለፍ ቃል ካስገቡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

"ጽሑፌ እዚህ ውስጥ ነው" አሉ፣ ስክሪኑን መታ መታ እያደረጉ።

በኳስ ሞከርኩ። "አንዱ ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ ጎረቤት ገብተው ያዩ የለም እንዴ? ኳሱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው?"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባቸው ስል...

"እንግዲያው ንግግሬ በየቡና ቤቱ እየታየ ነው?!"

ኮቱን አንሥተው ስክሪኑን አለበሱት።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሸፊቃ ትናንትም ዛሬም የለችም። ማስረዳት ይብቃ።

ጋሼ ለማኪያቶ ሲወጡ የሦስተኛውን ስክሪን ገመድ ነቀልኩት። ተመለሱ። ጨለማ።

"የሺ! ሞተብኝ!"

ደንበኛው ሁሉ ተነሣ። አንዱ "እግዜር ያጽናዎት" አላቸው። ሌላው ደግፎ ሰባተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

"እስቲ እዚሁ ስምዎን ያስገቡ" አልኩ።

በአንድ ጣት፣ እየተከዙ... ወጣ። "እኔ ታማኝ"። ጫፉ ላይ ያቺ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች።

አማተቡ። "ተነሥቶ ቦታ ቀየረ!"

ከደስታቸው ብዛት "ነኝ" የሚል ጨመሩበት።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ለሸፊቃ ደወልኩ፦ "ኮቱ ለቋል።" ከሰዓት በኋላ መጣች። ተመስገን።

ጋሼ ከወንበር ወንበር ሲዞሩ ዋሉ። እየፈተኑት ነው። ለማያውቁት ሰው ሁሉ "እየው፣ እዚህም አለሁ!" ይላሉ።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ሱቅ ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቼ ዞር ስል ሦስተኛው ወንበር ላይ ሻርፕ ተሰቅሏል። ሸፊቃ የለችም... ማኪያቶ።

ጋሼ ሐድጉ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቋት።

"ልጄ፣ ወንበር መያዝ የድሮ ነው። የትም ብትቀመጪ ሥራሽ ይከተልሻል።"

"ሥራዬማ ይከተለኛል፣ ጋሼ። መስኮቱ ግን አይከተለኝም።"

መስኮቱን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

"የሺ፣ እሱንስ ጓዳ ማስገባት አይቻልም?"