እድሩ አፌን አገደ

ልጄ ሳብሪያ፣ አላህ ከስቶክሆልም ብርድ ይጋርድሽ። ከባድ መርዶ ስለማረዳሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፦ የፌርፋክስ ሰፈር እድራችን እናትሽን ለአንድ ዓመት ስብሰባ ላይ እንዳትናገር አግዷታል።

ለቅሶ ላይ ሥጋው የሚበላው ከብት በማን እጅ ይታረድ ሲባል፣ ግማሹ «እድሩን ሃይማኖት ይምራው»፣ ግማሹ «አይምራው» ብሎ ተጨቃጨቀ። እኔ ተነስቼ «ሶ፣ እንግዲህ ምስር ወጥ ሊቀመንበር ይሁን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጋሼ ዘለቀ «በሃይማኖት አትቀልጂ፤ ይቅርታ በይ» አሉኝ።

«የቀለድኩት በእናንተ ነው» አልኳቸው።

ልታገድ ድምፅ ሲሰጥ አጎትሽ ጀላሉዲን እንኳ እገዳውን ደግፎ እጁን አወጣ።

አልከፋኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም። ቶራንስ ከተማ ሠርቼ ቤቴ እገባለሁ፣ እተኛለሁ። ስትደውዪ አንድ ቀልድ ያዢልኝ። አላህ አንደበትሽን ይጠብቅልሽ። ነገሩማ ትንሽ ነው፤ ስንጨቃጨቅ የሞተ ሰው እንኳ አልነበረም።

እናትሽ ሃጂራ