ዓሣ አጉራሽ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? መርፌ የወጋው አውራ ጣትሽ ዳነልሽ ወይስ አሁንም ከእማዬ እየደበቅሽ ትሰፊበታለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይስ የሚያማትን ለአንቺም መናገር ትታለች? የአባዬ ጆሮ እንዴት ሆነ? ወንድማችንስ፣ ባለቤቱስ፣ አዲሷ ሕፃንስ? ሌሊት ታስተኛቸዋለች ወይስ አክስቷን ወርሳ ቤቱን በለቅሶ ታምሰዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ደህና መሆን አለመሆኔን አንቺው አንብበሽ ፍረጂ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ልናገረው ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ለምን እንዳልሆነልኝም ወደ ታች ትደርሺበታለሽ። ይህን ወደ እናንተ ለሚመጣው ለሱቃችን ሹፌር ዘመድ እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ለእማዬ የሚነበበውን ደግሞ መርጠሽ ታነቢላታለሽ።

ባለፈው ስትደውዪ አለቃዬ ትኬት እንደላከልሽና ከስፌት ቤቱ ልትሰናበቺ እንደሆነ ነገርሽኝ። እኔ ዝም አልኩ። አንቺም ከፋሽና «እትዬ፣ እንድመጣ አልፈለግሽም መሰለኝ» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ በፊት ደግሞ እየሳቅሽ የጠየቅሽኝ ነገር ነበር፤ ጣት የማታክል፣ የዚያው አገር ወንዝ ያፈራት ዓሣ እንዴት የወይፈን ዋጋ ታወጣለች፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትተፋው ብለሽኝ ነበር። የሁለቱም መልስ አንድ ስለሆነ አንድ ላይ እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ እኔም እንደ አንቺ ሳቄ ነበር የመጣው። ከላይ፣ የጌጥ ዓሣ በምንሸጥበት ሱቅ ውስጥ፣ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን የመጡ ባለ ቀለም ዓሦች አሉ፤ ቀያይ፣ ቢጫ፣ ሽርጥ የለበሱ የሚመስሉ። እነዚያን ሕፃናት በኪስ ገንዘባቸው ይገዟቸዋል። ምድር ቤት ያሉት፣ የአገሩ ተወላጆች፣ መልካቸው እንኳን ያን ያህል አይደለም። ጀርባቸው ከወንዝ ጠጠር አይለይም። ነገር ግን እነሱን ፈልጎ የሚመጣው ሰው ዋጋ ሲነገረው አይከራከርም። ምክንያቱን ያስረዳኝ ሹፌሩ ነው። የሩቆቹን በኩሬ በኩሬ እንደ ጫጩት ይፈለፍሏቸዋል፤ እነዚህን ግን ማራባት የቻለ የለም። ያሉበት ወንዝ አንድ ነው፣ ከተራራ ሥር የሚወጣ እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ ውሃ። ፈቃድ የሚሰጠውም ለጥቂት አጥማጅ፣ ያውም ውሃው በሚጎድልበት ወቅት ብቻ ነው። አጥማጁ በሆዱ ተኝቶ በእጅ መረብ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ሆነው በበረዶ ተከበው ሲመጡ መንገድ ላይ የሚያልቁት ያልቃሉ፤ የተረፉት በሽታ እንዳይኖርባቸው ለብቻቸው ተለይተው ይከርማሉ። ይህን ሁሉ አልፈው ሲያበቁ ደግሞ አንበላም ይላሉ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ እታለሜ። የዱር ዓሣ የሚንቀሳቀስ ነገር አሳድዶ መብላት እንጂ ደረቅ ምግብ አያውቅም። ምግቡ አፍንጫው ሥር ወድቆለት በረሃብ ይሞታል። ገዢው ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ወንዝ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መብላት ሊያስተምራቸው ይገባል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። የደረቀ ትል በወረንጦ ይዤ፣ ሕይወት ያለው እንዲመስል እያንቀጠቀጥኩ፣ እያንዳንዳቸውን አጎርሳለሁ። ከአዲሶቹ ጋር የማይሸጡ ጥቂት ያረጁ ዓሦች አሉ፤ ነባሮቹ እንላቸዋለን። አዲሶቹ እነሱን እያዩ ይማራሉ። ነባሮቹ መቼ እንደመጡ የሚያውቅ አላገኘሁም። ለአንድ ዓሣ ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም የዚያ ሰው ዕድሜ ነው። ባዕዷ የተወላጆቹ ሞግዚት ሆንኩ እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አንድ ግራጫ ጋዋንና ኮፍያ ሰጠኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሽማግሌ ልብስ ነው አለኝ፤ ሽማግሌውን አባ ዝም ነበር የሚሉት። ዓሦቹ እሱን ስለለመዱ ሌላ ሰው ካዩ ድንጋይ ሥር ገብተው ይቀራሉ አለ። እሱ በሚቆምበት ቦታ እንድቆም፣ ጎንበስ እንድል፣ ወረንጦውን በግራ እጄ እንድይዝ፣ እዚያ ውስጥም ቃል እንዳልተነፍስ አዘዘኝ። ሰው ለእንጀራው ስንት ይሆናል፣ ይህ ምን አላት ብዬ ለበስኩት። ብዙ ቀን ባዶ ውሃ ሳጎርስ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ነባሮቹ ከድንጋዩ ሥር ወጡ፣ አዲሶቹም ተከተሏቸው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ተሰለፉ። ደስ አለኝ። በዚህ አገር ስገባ ስወጣ ቀና ብሎ ያየኝ ሌላ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ። የሱቁ ጽዳት ሠራተኛ ሴት አንድ ቀን ጠጋ ብላ «አንቺ ልትመጪ ስትዪ ዓሦቹ ወደ ደረጃው ይዞራሉ» አለችኝ። የእግሬ ኮቴ መሬቱን ሲነካ ይሰማቸዋል ብዬ አለፍኩት። በኋላ ጉንፋን አሞኝ ቤት ዋልኩ። ስመለስ ሴትየዋ ፊቷ ልክ አልነበረም። በቀረሁበት ቀን፣ በምገባበት ሰዓት እንደ ልማዳቸው ተሰለፉ፣ ነገር ግን ደረጃውን ትተው ወደ ጓዳው ግድግዳ ዞረው ዋሉ አለችኝ። እኔ የተከራየኋት ክፍል ከዚያ ግድግዳ በኩል ነው፣ ሁለት መንገድ አልፎ። ይህን አልነገርኳትም።

በእኔም ላይ የማላውቀው ነገር ይታየኝ ጀመር። ማንኪያ የምይዘው በግራ እጄ ሆኗል። ቀና ብዬ ስሄድ ወገቤን ይቆረጥመኛል። የላይኛዋ ሻጭ ከኋላዬ አይታኝ «አባ ዝም» ብላ ተጣራች፣ እኔም ዞር አልኩ። ሁለታችንም ደንግጠን ቀረን። እማዬ በደወልኩ ቁጥር ይህ መስመር አሁንስ ጠፋ እያለች የምትጮኸው፣ መስመሩ ምንም አልሆነም። ድምፄ ነው ያነሰው። ከፍ ላድርገው ብል ከጉሮሮዬ አይወጣልኝም።

አለቃዬ ሽማግሌው አገሩ ገብቷል ነበር ያለኝ። ሹፌሩ ግን እዚሁ ከተማ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ እንዳለ ነገረኝና በእረፍት ቀናችን ወሰደኝ። ጠባብ ንጹሕ ክፍል ናት። መስኮቱን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀምጧል። የራሴን ቀሚስ ነበር የለበስኩት፣ ማን እንደሆንኩም አልነገርኩትም። ፊቴን አላየም፤ ግራ እጄን አየና በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«በሉልሽ?»

በልተዋል፣ አባቴ፣ አልኩት። እንባው መጣ። አገርዎ ለምን አልገቡም ብዬ ስጠይቀው፣ የከለከለው ሰው እንደሌለ፣ ሻንጣውን ባዘጋጀ ቁጥር ግን ዓሦቹ መብላት ያቆሙ እንደነበርና አንጀቱ አልችል ብሎ ዕቃውን መልሶ ሲያወጣ ዘመኑ እንዳለፈ አጫወተኝ። ሚስቱ የሞተችው እሱ ሻንጣ እያስገባና እያወጣ ሳለ ነው። ልሰናበተው ስነሳ፣ ግራኝ ስለሆኑ እኔም በግራ ማጉረስ ተማርኩ ብዬ ላስቀው ሞከርኩ።

«እኔ በቀኜ ነኝ ልጄ» አለ። «ግራኝ የነበረው ከእኔ በፊት ያለው ነው። እሱንም ከእሱ በፊት የነበሩት እንዲያ አስተምረውት ነው ይባላል።»

ጋዋኑም ሲሰጠው ያረጀ እንደነበር ነገረኝ። ነባሮቹ በእኔ ውስጥ የሚያዩት ማንን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፣ እታለሜ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። አለቃዬ ሁለተኛ ምድር ቤት ከፍቷል። ወደዚያ ያዛወራቸው ዓሦች ስላልበሉለት፣ እህት አለሽ ወይ፣ ትመስልሻለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለወረቀት መስሎኝ በወንድማችን ሠርግ የተነሳሽውን ፎቶ ሰጠሁት። እሱ ብዙም አላየውም። ይዞት ወረደና የነባሮቹ መስታወት ላይ ለጠፈው። ቆመን ጠበቅን። አንድ በአንድ ወጡ። ፊትሽ ሥር ተሰለፉና አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር።

«አወቋት» አለ አለቃዬ።

ነባሮቹ ስላወቁሽ ሁለቱንም ምድር ቤት አንቺ እንደምትይዢ፣ አንቺ ስትገቢም እኔ መሄድ እንደምችል የነገረኝ ያኔ ነው። በሩ ለእኔም ክፍት ነበር፤ ግን ልሄድ ባሰብኩ ቁጥር ነባሮቹ መብላት ትተው ዓይን ዓይኔን እያዩ ሲከሱ ጥዬ መውጣት አልቻልኩም ነበር። አንቺ ከመጣሽ ግን በሰላም እወጣለሁ። በወሩ እማዬ እግር ሥር ተቀምጬ ጉልበቷን ስቀባት ታየኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚህ በፊት የጻፍኩት ደብዳቤ «ነይ፣ ሥራው ቀላል ነው» ይላል። ፖስታው ውስጥም ከትቼው ነበር።

በማግስቱ ላጎርሳቸው ወረድኩ። ወረንጦውን አፋቸው ድረስ ባስጠጋው ዞር ብለው አላዩኝም። እጄ ፎቶሽን ሲጋርድባቸው በጎኑ አልፈው አንቺን ያያሉ። ያን ጊዜ ቀናሁብሽ። ስንት ወር ጎንበስ ብዬ ያስተማርኳቸውን፣ አንዴ እንኳ ሳታጎርሻቸው ቀማሽኝ ብዬ በአንቺ በእህቴ ጥርሴን ነከስኩ። ፎቶሽን በጥፍሬ ቦጨቅሁት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ውስጥ ድምፅ አውጥቼ፣ ምን ሆኛለሁ አልኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ልብሱን አውልቄ ሮጥኩ፣ ያን ደብዳቤም ቀደድኩት።

ዓሦቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ አይበሉም፤ ፎቶሽ የነበረበትን ቦታ ይጠብቃሉ። እህቴ አትመጣም፣ እኔም ልሄድ ነው ብዬ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። አልተቆጣም፣ ስልክሽ እንዳለው ብቻ ነገረኝ። ስለዚህ አትምጪ፣ እኔ እመጣለሁ። ትኬቱን ለሰጠሽ ቢሮ መልሺው። ከስፌት ቤቱ ወጥተሽም እንደሆነ ተመልሰሽ ሴትየዋን ለምኚያት፤ አንቺን የሚያህል ቁልፍ ተካይ ከየት ታመጣለች፣ ጥቂት ትነጫነጭና ትመልስሻለች።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ ልጅሽ እየመጣች ነው በያት። ለአባዬ ሰላምታዬን ጮክ ብለሽ፣ በደህነኛው ጆሮው በኩል ንገሪው። ወንድማችንን፣ አሁንስ ያንን ጣራ አደስከው ወይስ ባለቤትህን ዣንጥላ አስይዘህ ታስተኛለህ ብላሃለች በይልኝ። ባለቤቱን ለአራስነቷ እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት፣ ያላየኋትን ሕፃን ግንባሯን ሳሚልኝ። አክስታችንንም፣ ሲጋራ የሚያጨሰውን ተከራይ ሳታስቀሪ፣ ሁሉንም በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

ለአንቺ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ይደውልልሻል። ክፉ አይደለም፣ አነጋገሩም ለስላሳ ነው። ስለ ደመወዝ አያነሳም። አይበሉም፣ ከስተዋል፣ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ያለ አንቺ ማንም የላቸውም ይልሻል። አትዘኚላቸው፣ እታለሜ። አባ ዝምንም እኔንም እዚህ ያስቀረን ማዘን ነው። ስልኩን ዝጊው። እኔ ራሴ ደውዬ በዚያ በሚያንሰው ድምፅ ነይ ብልሽም፣ አትምጪ።

የምትወድሽ እህትሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን