ስለ ሦስተኛው መስኮት አዲስ ወንበር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዘጠና አራት ሰከንድ የት እንደገባ ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደተሟላ፣ ወገብዎ እንደጸና፣ በቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈው «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚለው ወረቀትም እንደወትሮው በደህና እንደሰነበተ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፕሮግራም ሠሪዎ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ከሰርቨሩና ከማራገቢያው ጋር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ላሳፍርዎ ፈልጌ አይደለም፤ ባለፉት ሁለት ወራት በእጅዎ ያስረከብኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ ተደራርበው መተንፈሻ ስላጡ ለአራተኛው አዝኜለት ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ወይም እንደማያስታውሱት፣ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ በሩን አልፎ ግቢው ውስጥ መጠምዘዝ ሲጀምር፣ ፕሮግራሙ ምን ላይ እንደሚዘገይ እንዳጣራ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ትእዛዝዎን ለመፈጸም ፕሮፋይለር የሚባለውን መሣሪያ ገጠምኩ። ሥራው በሰከንድ መቶ ጊዜ ወደ ፕሮግራሙ ብቅ እያለ «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መጻፍ ነው። መልሶቹ በሺህ በሚቆጠሩ ፋይሎች ተበታትነው እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ሲያወራ ስላየሁ፣ ሁሉንም በአንድ ዳታቤዝ ሰበሰብኳቸው። አንዱ ሠንጠረዥ የተጻፉትን መልሶች፣ ሌላው የፕሮግራሙን ክፍሎች ስም፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚያች ቅጽበት በየትኛው መስኮት፣ ስንት ጊዜ የታከመ ሰው ካርድ እንደተከፈተ ይይዛል። ሦስቱ በቁጥር ስለሚተሳሰሩ የፈለጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ ሠንጠረዥ የሚመልሰው የጠየቁትን ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህንንም የተማርኩት በሌላ ሰው ጉዳት ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት የትኛው መስኮት ይዘገያል የሚለውን ነበር። ሦስተኛው መስኮት አንድ ካርድ ለመክፈት ዘጠና አራት ሰከንድ፣ ሌሎቹ አሥራ አንድ እንደሚፈጁ መለሰልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ያችን አንዲት ገጽ ላክሁልዎ። እርስዎም በሁለት ስብሰባዎች መካከል አንብበው በቀይ እስክሪብቶ «ሠራተኛዋ ትነሳ» ብለው ጻፉባት። በሦስተኛው መስኮት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጡት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ምድር ቤት ወዳለው የአሮጌ ካርዶች መጋዘን ወረዱ። በመጪው ማክሰኞም የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይሰናበቱ ወይስ አይሰናበቱ ብሎ ይመክርባቸዋል። የተሳሳተውን ጥያቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝና አፍሬያለሁ፤ እስካሁንም ደረጃው ላይ ስንገናኝ ቀና ብዬ አላያቸውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ለብቻዬ ልሸከመው አልችልምና፣ በትሕትና እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

1ኛ፦ በማግስቱ ጠዋት ጥያቄዬን አርሜ፣ ፕሮግራሙ ጊዜውን በየትኛው ክፍሉ ላይ፣ ለየትኛው ካርድ እንደሚያጠፋ ጠየቅኩ። ጥቂት ጊዜ የታከመ ሰው ካርድ ሦስተኛው መስኮት ላይም በዘጠኝ ሰከንድ ይከፈታል። ከመቶ ጊዜ በላይ የታከመ ሰው ካርድ ደግሞ በየትኛውም መስኮት ሰው ያስረጃል። ምክንያቱም የቀድሞ ሕክምናዎችን የሚሰበስበው የፕሮግራሙ ክፍል ሁሉንም ባንዴ በማምጣት ፈንታ አንድ አንድ እያለ ይመላለሳል፤ ሽንኩርት ግዛ ሲሉት አንድ ራስ አምጥቶ ለሁለተኛው ራስ ተመልሶ ገበያ እንደሚወርድ ሰው ማለት ነው። ሦስተኛው መስኮት ለበሩ የቀረበና ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ያለው ስለሆነ፣ ጥበቃው አዛውንቱን ሁሉ ወደዚያ ይመራል፤ እትዬም ጮክ ብለው ስለሚናገሩላቸው አዛውንቱም ሌላ መስኮት አይሹም። ወፍራሙ ካርድ ሁሉ እርሳቸው ዘንድ የተከማቸው በዚህ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ይህን ጽፌ ሳቀርብልዎ ሠንጠረዥ ለማንበብ ጊዜ እንደሌለዎ ገልጸው፣ ሥዕል እንዳመጣ አዘዙኝ።

2ኛ፦ ሥዕሉን አመጣሁ። እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል በፈጀው ጊዜ ልክ እየሰፋ የተነባበረበት፣ ቀይና ብርቱካናማ ሥዕል ነበር። እርስዎም በመስተዋት አስገጥመው ከወንበርዎ ጀርባ ስለሰቀሉት ክብር ተሰምቶኛል። የተሰቀለው ተዘቅዝቆ መሆኑን ለመናገር ድፍረት አጣሁ፤ እንግዶችዎ ሁሉ የጀንበር መጥለቂያዋን አደነቁ ብለው ጸሐፊዎ ነግረውኛል። የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ የሆነው ሰፊው ቀይ ንጣፍ አሁን ከራስዎ በላይ ስለዋለ፣ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የማያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

3ኛ፦ በሠንጠረዦቹ ውስጥ አርባ ሚሊዮን ረድፍ መኖሩን በሰሙ ጊዜ ደንግጠው፣ ለየቀኑ አንድ አማካይ ብቻ ቀርቶ ሌላው እንዲሰረዝ በደብዳቤ አዘዙ። አማካዩን አውጥቼ አየሁት፤ በእውነቱ ሸጋ ነው፤ በእርሱ መሠረት ሆስፒታላችን ምንም ችግር የለበትም። ትኩሳት ያለበትንና ብርድ የመታውን ሁለት ታማሚ ደምሮ ለሁለት አካፍሎ፣ ሁለታችሁም ደህና ናችሁ ብሎ የሚሸኝ ሐኪም ቢኖረን ሰልፋችን ምንኛ ባጠረ። ትእዛዝዎን በተመለከተ፣ በአማካይ እንደፈጸምኩት በአክብሮት አስታውቃለሁ፤ አማካዩ ወጥቷል፣ ረድፎቹም በቦታቸው አሉ።

4ኛ፦ በእትዬ ቦታ ባልደረቦቹ «መብረቅ» የሚሉትን ጸሐፊ አስቀመጡ። ምርጫዎ ትክክል ነበር፤ ሰውየው ሲጽፍ ጣቶቹ አይታዩም። በሦስተኛው ሳምንት ግን እርሱም ዘጠና አራት ሰከንድ ሆነና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ከዚያ ወዲህ እጁን በየማለዳው በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፋል፤ ሁለት ጊዜም ጣቶቹን ለሐኪም አሳይቷል። እዚህ ላይ ማንም ሰው ነገሩ ከሰው እንዳልሆነ ይጠረጥር ነበር። እርስዎ ግን ጠለቅ ብለው መርምረው ጥፋቱ የወንበሩ ነው ብለው ደመደሙ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። አዲሱ ወንበር ጎማ ያለው፣ የሚሽከረከር፣ እጅግ ያማረ ነው፤ መብረቅ ደገፍ ባለ ቁጥር ከመስኮቱ እየሸሸ ያስቸግረዋል እንጂ። ሰው ተቀየረ፣ ወንበር ተቀየረ፤ ዘጠና አራቱ ሰከንድ ግን እንደ ታማኝ ሠራተኛ አንድም ቀን ሳይቀር በቦታው ይገኛል።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በጨዋታ መልክ ጻፍኩ። አሁን ግን ያናደደኝን ልናገር። ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ካርድ ፍለጋ ምድር ቤት ስወርድ፣ እትዬ አቧራቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እውነት እጄ ደክሞ ይሆን እንዴ? እስቲ ያን ሠንጠረዥህን ጠይቅልኝ፤ እኔስ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራን ሰው የገዛ እጁን እንዲጠራጠር ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እርስዎና እኔ ግን በአንዲት ገጽ ሠራነው።

እንዳሉኝም ጠየቅኩላቸው። ፕሮፋይለሩ ፕሮግራሙ ሰው የሚጠብቅበትንም ጊዜ ስለሚጽፍ መልሱ አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ከዘጠና አራቱ ሰከንድ ፕሮግራሙ የእትዬን እጅ የጠበቀው አራቱን ብቻ ነው፤ ዘጠናውን የጠበቁት እርሳቸው ናቸው። በእነዚያ ዘጠና ሰከንዶችም የአንዱን ጉልበት፣ የሌላዋን ዓይን፣ የልጅ ልጃቸውን ፈተና ሲጠይቁ ስለኖሩ፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንድም አቤቱታ መጥቶ አያውቅም። የፕሮግራማችንን ነውር በገዛ ጨዋነታቸው ሸፍነው ኖሩልን፤ እኛም ውለታቸውን በምድር ቤት ከፈልን።

ስለዚህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ያን የፕሮግራሙን መመላለስ የሚያስቀረውን እርማት እንዲፈርሙልኝ ነው። አራት መስመር ነው፤ በሙከራ ኮምፒውተሩ ላይ እነዚያኑ ወፍራም ካርዶች በአሥር ሰከንድ ከፍቷል፤ ፊርማዎን መጠበቅ ከጀመረ ደግሞ አምስት ሳምንቱ ነው። ሁለተኛው፣ ኮሚቴው ማክሰኞ ከመቀመጡ በፊት ሠንጠረዡ ከነረድፉ በጠረጴዛው ላይ እንዲቀርብና እትዬ ወደ መስኮታቸው እንዲመለሱ ነው።

ለቀይ እስክሪብቶዎ ፍጥነት፣ ለሚፈርሙበት ጥቁር እስክሪብቶዎ ትዕግሥት፣ ለጀንበሯም ሥዕል ስላደረጉት እንክብካቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሥልጣንዎ እንደ አዲሱ ወንበር ምቹ፣ ውሳኔዎ ግን እንደ እርሱ ከመስኮት የማይሸሽ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ቀና ብሎ መቆም ስለማይቻል ይህን በየቀኑ እለማመደዋለሁ።

ታዛዥዎ፣
ከደረጃው ሥር ያለው ፕሮግራም ሠሪ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለመብረቅ፣ ለጣቶቹ ዕረፍት ይሆን ዘንድ
በሦስተኛው መስኮት ፊት ለፊት ላለው አግዳሚ ወንበር ተቀማጮች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ጠዋት ከበላይ አካል ጎብኚዎች ሲመጡ፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት እርስዎ ራስዎ ሦስተኛው መስኮት ላይ እንደሚቀመጡ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። አዛውንቱም ሰምተዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ የታከሙት ሽማግሌ የሰልፉን መጀመሪያ እንዲይዙ ሁሉም ተስማምተውላቸዋል። እስከ ዓርብ ከፈረሙ ካርዳቸው በአሥር ሰከንድ ይከፈትና ምስጋናው የእርስዎ ይሆናል። ካልፈረሙ ግን ጎብኚዎቹ ከኋላዎ ቆመው፣ ሽማግሌው ከፊትዎ ተቀምጠው፣ ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ያህል አብራችሁ ትጠብቃላችሁ። እኚህ አባት ዝምታ አይወዱም፤ መጀመሪያ የሚጠይቁዎትም እትዬ የት እንደሄዱ ነው።