ደጃፍዎ ላይ የተነሱት ፎቶ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ፍቅረሥላሴ፤

ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። እኛ እዚህ ባሕር ማዶ፣ አውሮራ ከተማ ደህና ነን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄን አቢጊያን ይዤ ወደ ተራራው ነዳሁ። እዚያ እንደ እርስዎ ግድብ ያረጀ የመብራት ኃይል ግድብ አለ፤ ውሃውን አጉድለው ሲፈትሹት አየን። አያቷ ሠላሳ ዓመት የሠሩት ይህንኑ እንደሆነ ነገርኳት። «ከግድብ ሥር የሚወጣ ውሃ ጥርት ካለ አያስፈራም፤ ከደፈረሰ ግን አፈሩ ከውስጥ እየታጠበ ነው» ይሉኝ የነበረውንም አጫወትኳት።

ከግድብዎ ሥር፣ ደጃፍዎ ላይ የተነሱት ፎቶ ደርሶኛል። መነጽርዎን አላደረጉም። ጫማ ልገዛልዎ አስቤ እግርዎን ዙም አደረግኩት። አጠገቡ ከግድቡ ሥር ወጥቶ የሚወርደው ውሃ ቡናማ ነው። ስልኬ ይሆናል ቀለም የሚለውጠው።

እህቴ ኮከብ ኮረብታው ላይ ብቻዬን መኖር ሰለቸኝ ትላለች። ክረምቱ ሳይገባ ቢሄዱላት ደስ ይላታል፤ በጎቹንም ይዘው ይሂዱ። ጎረቤቶችዎም አብረው ቢወጡ ቤቷ ሰፊ ነው።

ጫማውን የላክሁት በእሷ ስም ነው፤ ኮረብታው ላይ ይጠብቅዎታል።

ምርቃትዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ዘርፈሽዋል