የፊቱ ካይሮ፣ የኋላው ባሕሪ

ሰይፍዬ፣ የቤቴ አባወራ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ከጦርነቱ በሸሸንበት ገዳሪፍ ላይ ቀብረንህ ከተመለስን ወዲህ እዚህ ሁለት ክረምት ዘንቦ አባራ። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም፤ ልቆጣህም ነው።

እዚህ ዋና ከተማው ውስጥ፣ ባሕሪ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። በጦርነቱ ጊዜ የገባው ሌባ ፍሪጁን፣ በሩን፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን የመብራት ሽቦ ሳይቀር መዞ ወስዷል። መጽሐፎችህን ግን አንዱንም አልነካ። አማርኛ አለማወቁ በጀን ብዬ ስቄ ሳልጨርስ ሳጥኑን ስከፍት ደሜ ፈላ። ሁሉም ግማሽ ነው። አንተና ያ ምላጭህ።

ከአዲስ አበባ በሰው እጅ አንድ መጽሐፍ ሲመጣ ስንቱ ይጠብቀው እንደነበር አውቃለሁ። ወፍራሙን ለሁለት ለሦስት ከፍለህ፣ ጀርባውን በመርፌና በክር ሰፍተህ፣ አንዱን አል-ማንሺያ ሰፈር ላሉት የቤት ሠራተኞች፣ አንዱን አል-ጣኢፍ ሰፈር ላሉት ዘበኞች ታድል ነበር። መጽሐፍ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ነው የሚበላው ትል ነበር። ያኔማ ሁሉም እያነበበ ይለዋወጥ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሰዉ በእጁ ያለውን እንደያዘ ተበተነ። እኔ ዘንድ መጨረሻ የሌለው የታሪክ መጽሐፍና መጀመሪያ የሌለው ልብ ወለድ ቀረልኝ።

አርብ አርብ ሴቶቹ እንደ ድሮው ለንባብ ይመጣሉ፤ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። አንተ ሳለህ የምትመርጠው አንተ ነበርክ፣ ማንም ቃል አይተነፍስም። አሁን መምረጡ እኔ ላይ ወደቀና ቤቱ ችሎት ሆነ። አል-ማንሺያ የምትሠራው አልማዝ፣ ታሪክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች፤ ውሸቱንማ ከመዳሜ አፍ በየቀኑ እሰማዋለሁ ትላለች። ሳምያ ደግሞ፣ እናቷ የኛ፣ አባቷ የዚህ አገር የሆነችው፣ በታሪክ ሰው ሁሉ ይሞታል፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ እኔ ፍቅር ነው የምፈልገው አለች። ካልሆነ ሶላር ካላት ጎረቤት ሄጄ የቱርክ ድራማዬን አያለሁ ብላ ስትነሳ ሌሎቹም ነጠላቸውን ማንሳት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ያለነሱ አርብን በምን ልግፋው? ቤቱ ዝም ሲል አንተ ትመጣብኛለህ።

ተናድጄ ያንን መጀመሪያ የሌለውን ልብ ወለድ አንስቼ ከመሃሉ ጀመርኩ። ገና በመጀመሪያው ገጽ አንድ ሰውዬ ሞቶ ሚስቱ ታለቅሳለች። ማን ነው? ምን ሆኖ ሞተ? አናውቅም። ታሪክ ወዳዷ አልማዝ መቀመጥ አቃታት፤ ሰውየውን ሳላውቀው ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ስለዚህ የጎደለውን እኛው ፈጠርንለት፤ ሳምያ በተሰባበረ አማርኛዋ ልጅነት ሰጠችው፣ አልማዝ ሥራ አስያዘችው፣ እኔም ላንተ ስመኝልህ የኖርኩትን ጸባይ ጨመርኩበት። እንደዚያን አርብ ስቄ አላውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድም ሴት አልቀረችም።

ጣጣው ከዚያ በኋላ መጣ። የልብ ወለዱ የፊተኛው ክፍል ጦርነቱ ካይሮ የጣላት ጎረቤታችን ጥሩዬ ዘንድ ኖሯል፤ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ብቻዬን አነበብኩት። ሰይፍዬ፣ ሰውየው እኛ ያሳደግነው አይደለም። ሰነፍ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ሚስቱን ያደክማል። ስነግራቸው ሳምያ ጆሮዋን ደፈነች፤ የኛ ይሻላል፣ ያንን ለጥሩዬ መልሺላት፣ ያላ፣ በይ ሌላ ምረጪ አለች። አልማዝ እውነቱ ይነበብ ብላ ተነሳችባት። ደግሞ ሁሉም እኔን ያያሉ።

መረጥኩ። በሚመጣው አርብ ያንን ሰነፍ ሰውዬ እናነባለን። ሚስቱ ያለቀሰችው ለሱ ነው እንጂ እኛ ለሠራነው ሰው አይደለም አልኳቸው። ሳምያ አኩርፋ ወጣች፤ ደጃፍ ላይ ዞር ብላ ግን ስንት ሰዓት ልምጣ አለችኝ።

አንተንም እንደዚያው ነው የማስታውስህ። አላሳምርህም። ስታኮርፍ ምግብ የምትተወውን፣ መንገድ ላይ ሰላም ያለህን ሁሉ ሳትነግረኝ ለምሳ ይዘህ የምትመጣውን፣ ስታነብ ብጠራህ ብጠራህ የማትሰማውን ሰውዬ፣ እድሜዬ እስኪያልቅ እንደነበርክ በልቤ እይዝሃለሁ።

ያንተው ብርቄ