የውሃው ሳጥን ሚስኮል

ሰኞ
ሚኤሶ ዛሬም ዝም። የከተማው ውሃ ታንከር ላይ የገጠምኩት ሳጥን የውሃውን ልክ በኔትወርክ እየላከ ጭሮ ቢሯችን ድረስ መንገር ነበረበት፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ድምፁ የለም። ትናንት ውሃው አልቆ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ባዶ ይዘው ተመልሰዋል። ቦቴ ማን ይላክላቸው? ማን አውቆ! አለቃዬ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ነቅለሽ አምጪው ብሎኛል።

ማክሰኞ
ሚኤሶ ወረድኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። የሳጥኑ ባትሪ ሙት ብሏል። ጥበቃውን ጋሽ አህመድን ማን ነካው ስላቸው፣ ማንም አልነካውም፣ ሰው ይደውልለታል እንጂ አሉኝ። የግቢውን በር ሳየው የሳጥኑ ሲም ካርድ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከላዩ «የውሃ ስልክ»። አገር ምድሩ «ቢሻን ጂራ?»፣ ውሃ አለ ወይ፣ ሊል ሲደውል ይውላል። በተደወለ ቁጥር ሳጥኑ ይነቃል፣ ባትሪው ያልቃል። ቁጥሩን የሰጠኋቸው ደግሞ እኔው ነኝ።
ተናደድኩ።
«ስልክ ያለው ሰው ቁጥሩን ይደብቃል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ።

ረቡዕ
የሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። ሳጥኔም ወሬኛ ነው። ያን ሁሉ አሃዝ ይልካል፣ «ደርሶኛል» የሚል መልስ እስኪያገኝ ይደጋግማል፤ ኔትወርክ በደከመ ቀን ሲለፈልፍ ውሎ ይሞታል።
ወንድሜ ከሂርና ሲመጣ ምን ያደርጋል? አንዴ ሚስኮል፣ ተሳፍሬያለሁ። ሁለቴ፣ መናኸሪያ ጠብቂኝ። ተሳስተን አናውቅም። ታዲያ ሳጥኑስ? ጠዋት ስልኬ ላይ አንዴ ከደወለ ውሃ አለ፤ ሁለቴ ከደወለ እያለቀ ነው። ኔትወርክ ካጣ ትንሽ አርፎ ይሞክር። ጥሪ አይቀበልም።
አለቃዬ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ሚስኮል ነው? ብሎ አሾፈብኝ።

ሐሙስ
ሚኤሶ ወርጄ ባትሪውን ለውጬ ሳጥኑን ገጥሜ ተመለስኩ። በሩ ላይ የነበረውን ቁጥር አጥፍተን የጋሽ አህመድን ጻፍን፤ ሳጥኑ ለእሳቸውም ይደውላል። ኩራት ቢጤ ተሰማቸው። ስሞክረው ሠርቷል፤ ሲሞከርማ መች እምቢ ብሎ ያውቃል።

ዓርብ
ጠዋት ምንም የለም። ጌታ ሆይ አታሳፍረኝ እያልኩ ቢሮ ተቀመጥኩ። አለቃዬ ባለፈ ቁጥር ስልኬን ያያል።
ረፋዱ ላይ ጮኸ። አንሺው እንጂ አለኝ። አላነሳሁም። ተዘጋ። ውሃ አለ ማለት ነው ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ ጮኸ። እያለቀ ነው! ቦቴው ወዲያው ወረደ።
ከሰዓት ጋሽ አህመድ ደወሉ። ከጁምዓ ሲመለሱ ቦቴው እየገለበጠ ደረሱ፤ ሴቶቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። አለቃዬ ስለ መንቀል ትንፍሽ አላለም።
የጋሽ አህመድ ድምፅ ሻክሮብኝ አመመዎት ወይ አልኳቸው።
«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ። ለሚደውለው ሁሉ ውሃ አለ፣ አለ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።»